መልስ፦ በሂንዱ እምነት የአምላክ ጸጋ በጥረት ይገኛልን?

ውድ ጠያቂ፣ «በሂንዱ እምነት ጸጋ የሚገኘው በሰው ጥረት ነው ወይስ እንዲሁ ይሰጣል?» ላሉት ጥያቄ ሁሉም ሂንዱዎች የሚስማሙበት አንድ መልስ የለም፤ በደቡብ ሕንድ በሚገኙት፣ ከዋናዎቹ የሂንዱ አማልክት አንዱ በሆነው በቪሽኑ አምላኪዎች ዘንድ ግን ጉዳዩ በጥልቀት ተመርምሯል። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት መምህር ራማኑጃ መዳን ያለ ቪሽኑ ጸጋ እንደማይገኝ ያስተማሩ ሲሆን፣ ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ተከታዮቻቸው የሰው ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ሳይስማሙ ቀርተው በሁለት ወገን ተከፈሉ። ቫዳካላይ የሚባለው የሰሜኑ ወገን፣ የጦጣ ግልገል እናቱን በገዛ እጁ አጥብቆ እንደሚይዝ ሁሉ አማኙም አምላኩን ሊይዝ ይገባዋል ይላል፤ የደቡቡ ቴንካላይ ደግሞ ድመት ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስድ አምላክም ራሱን የሰጠውን አማኝ ይሸከመዋል ብሎ ያስተምራል።

በእኔ እምነት ልዩነቱ በምሳሌዎቹ ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ ቫዳካላዮችም ቢሆኑ የሰው ጥረት ለጸጋው መገለጫ ሰበብ ይሆናል እንጂ ዋጋው ነው አይሉምና። ብሃጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ 9ኛ ምዕራፍም፣ በሰው አምሳል የተገለጠ ቪሽኑ ነው የሚባለው ክሪሽና በፍቅር የቀረበለትን ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ እንደሚቀበል ይናገራል፤ ስለዚህ ድሀ አምላኪ ብዙ መሥዋዕት ስለሌለው ከጸጋው አይርቅም።