ለእንጨት ራውተር ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ስትመርጥ

ወንድሜ፣ «ራውተሬ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ) በአርዱዪኖ ኡኖ ቦርድና በጂአርቢኤል ሶፍትዌር ነው የሚሠራው፣ ፓወር ሰፕላዬ 24 ቮልት ነው፤ የማሽኑን ጫፍ ለማሳወቅ ኤንፒኤን ሴንሰር ልግዛ ወይስ ፒኤንፒ? 4 ሚሜ ይበቃል?» ላልከው፦ ኤንፒኤን (ሲግናሉን ወደ ኔጋቲቭ የሚያገናኝ፤ ፒኤንፒ ወደ ፖዘቲቭ ነው)፣ ኤንሲ (ምንም ሳይቀርበው የሚያስተላልፍ፣ ሲቀርበው የሚያቋርጥ) የሆነ ኢንዳክቲቭ (ሳይነካ ብረትን ብቻ የሚያይ) ግዛ። ርካሹ ኤልጄ12ኤ3-4-ዜድ ይበቃሃል። መጨረሻው ኤኤክስ ከሆነ ኤንሲ ነው፣ ቢኤክስ ከሆነ ኤንኦ (የኤንሲ ተቃራኒ)፤ ሳትከፍል በፊት ጽሑፉን አንብብ። በኤልጄሲ የሚጀምረውን ግን ተወው፤ ካፓሲቲቭ (ብረት ያልሆነንም የሚያይ) ስለሆነ የእንጨት ብናኝ ሲከመርበት ያለቦታው ይነሳል።

ኤንሲ የምልህ ሽቦ ሲበጠስ ማሽኑ እንዲቆም ነው። በኤንኦ የተበጠሰ ሽቦ አይታወቅም፤ ጋንትሪው (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ) ሄዶ ጫፉን ይመታል። ሆኖም ኤንሲዎችን እንደ ኤንኦ አንድ ላይ ቋጥረህ በአንድ ፒን ማስገባት አትችልም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ይፈልጋል።

4 ሚሜ የተባለው የማንበቢያ ርቀት ለተራ ብረት ነው። በአልሙኒየም ወደ 1.5 ሚሜ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ የማሽኑን የአልሙኒየም ፕሮፋይል ራሱን ከማስነበብ ትንሽ የብረት ላሜራ እሰርለት። ስፋቱ ከ12 ሚሜ አይነስ፣ ክፍተቱ 2 ሚሜ ይሁን። ላሜራው በጎን ይለፍ እንጂ ፊት ለፊት አይምጣ፤ ሞተሩ ስቴፕ የሳተ ቀን ሴንሰሩን ይጨፈልቀዋል። ይህ ሞዴል ዙሪያውን ያለውንም ብረት ስለሚያይ ጭንቅላቱ ከመያዣው ወጣ ይበል።

ሽቦው ላይ ነው ብዙ ቦርድ የሚቃጠለው። ቡናማው 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ሲግናል ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቁሩን ወደ 24 የሚስብ ሬዚስተር አለ፤ የአርዱዪኖ ፒን ደግሞ ከ5 ቮልት በላይ አይችልም። ስለዚህ መሃል ላይ ፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ሲግናሉን በብርሃን እያሻገረ ሁለቱን ቮልቶች የሚለይ ቺፕ) አስገባ፦ ከ24 ቮልት በ3.3 ኪሎ ኦም ወደ እግር 1፣ ጥቁሩ ወደ እግር 2፣ እግር 3 ወደ አርዱዪኖ ግራውንድ፣ እግር 4 ወደ ፒኑ። በ12 ቮልት ከሆነ ሬዚስተሩ 1.5 ኪሎ ኦም ይሁን። ፒኖቹ በጂአርቢኤል 1.1 ለኤክስ 9፣ ለዋይ 10፣ ለዜድ 12 ናቸው። የአርዱዪኖው የውስጥ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ደካማ ስለሆነ ከፒኑ ወደ 5 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ጨምርበት።

ከዚያ በጂአርቢኤል ሴቲንግ $5=1 (ኤንሲ ስለሆነ ሲግናሉን ለመገልበጥ)፣ $22=1 (ሆሚንግን፣ ማለትም ማሽኑ መነሻውን ራሱ መፈለጉን፣ ለመክፈት) አድርግ። ሆሚንግ ላይ አላርም 8 ካመጣ ሴንሰሩ ሳይለቅ ነው የቆመው፤ $27ን (ከሴንሰሩ የሚመለስበትን ርቀት) ከ1 ወደ 3 ሚሜ ከፍ አድርገው። ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) ሲነሳ ብቻ አላርም 1 (ጫፍ ተነካ የሚለው) ካለህ ግን ኖይዝ ነው። ገመዱን ከስፒንድሉ ገመድ አርቀው፣ ሺልድ ያለው ኬብል ተጠቀም፣ ሺልዱን በቦርዱ በኩል ብቻ ግራውንድ አድርገው።