አሁንም ልሂድ ወይስ ልታገስ?

ጥያቄ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልሽ ትዕግሥቴ አልቆ ነው። የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሆዴ ድርቅ አለብኝ፣ ቁርጠትም ነበረው። ባለቤቴን ቀስቅሼ ሄድን። ተረኛዋ አዋላጅ ሆዴን ዳሰሰች፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። ከዚያ «ምጥ አይደለም፣ የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው የደነገጥሽው፤ ሂጂና ቤትሽ ተኚ» አለችኝ። ያሳመመኝ አነጋገሯ ነው። ሌሎች ነፍሰ ጡሮች እየሰሙ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እቤት ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። ግን «አመመኝ» ባልኩ ቁጥር «እኛ ስንቱን ወልደን ለማን ነገርን?» ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ያንን ሌሊት እንደ ጨዋታ ያነሱታል። ባለቤቴም አብሮ ይስቃል። ሰሞኑን ወገቤን ይዤ ስነሳ «ደግሞ ታክሲ ልጥራ?» አለኝ። አለቀስኩ። እሱ ደግሞ «ቀልድ አይገባሽም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሥራ እንዳልነካም ተከልክያለሁ፤ «ተኝተሽ ዋይ» ነው የአማቴ ትእዛዝ። እኔም ነገር እንዳይበዛ ብዬ እሺ አልኩ። አሁን የምውለው አልጋ ላይ ነው። ይሄም ጥፋት ሆነብኝ። ባለቤቴ «ስትተኚ ትውያለሽ፣ ደግሞ ደከመኝ ትያለሽ» ይለኛል። ምን ባደርግ ነው ደስ የሚላቸው?

ሆዴ አሁንም አልፎ አልፎ ይጠነክራል። ጎኔን ስቀይር ወይም ውሃ ስጠጣ ይተወኛል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ እሱ የነፍሰ ጡር ወግ ነው ብለውኛል። ሰሞኑን የግራው ሳይለቀኝ እየዋለ ነው። አማቴ በቅባት ያሹልኛል፣ ሲያሹት ግን ይብሳል። አብጧልም፤ የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ በቀኙ እግሬ ይገባል፣ በግራው እንቢ ብሎኛል። መቼስ የማን ነፍሰ ጡር እግር ነው የማያብጠው?

እንግዲህ ንገሪኝ። እውነት እንደሚሉት ደንጋጣ ነኝ? ቁርጠት ሲመጣ መቼ ነው የምሄደው፣ መቼ ነው ችዬ ዝም የምለው? እውነቱን ልንገርሽ፣ ደግሞ ሄጄ «ምንም የለሽም» ተብዬ ከምመለስ እዚሁ ቢያመኝ ይሻለኛል የምልበት ጊዜ አለ።

ነፍሰ ጡሯ አንባቢሽ

መልስ

እህቴ፣ ሆድሽን ለጊዜው ተዪው። ተነሺና ዛሬውኑ የግራ እግርሽን አሳዪ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ይህንኑ ጽፌልሻለሁ። እዚህ የምደግመው እንዳንቺ ሐኪም ጋ መመለስ ያፈሩ ሌሎች ስለሚኖሩ ነው።

ሌሊት ባት የሚጨመድደው የተለመደው ሕመም ድንገት ይይዛል፣ ያስጮኻል፣ ጣቶችን ወደ ራስ ሲስቧቸው ግን ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። በማግስቱ ትንሽ ቢያምም ቀን ከሌት ይዞ አይከርምም። አንዱን እግር ለይቶም አያሳብጥም። የእርግዝና እብጠትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እግር ነው፤ ማታ ይበረታል፣ ተኝተው ሲነሱ ይቀንሳል። ያንቺ ግን አንዱ ጫማ ልክ ሆኖ ሌላው አልገባም ብሏል። ስለ አዋላጇና ስለ አማትሽ ያን ያህል ጽፈሽ ይሄንን በአንድ መስመር አለፍሽው!

በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ይረጋል። በወሊድ ወቅት ብዙ እንዳይፈስ ሰውነት የሚዘጋጀው በዚህ ነው። ያደገው ማህፀን ደግሞ ከእግር የሚመለሰውን ደም ያዘገየዋል። በተለይ የግራው እግር ደም መልስ ዳሌ አካባቢ በላዩ በሚያልፈው ደም ቅዳ ይጫናል። ነፍሰ ጡር ላይ ደም ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ በግራ እግር የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሲጨመርበት አስቢው።

ያንቺ የረጋ ደም ነው አላልኩም። ያንን የሚለየው ምርመራ ነው። ምርመራውም የእግር አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም፣ ልጅሽን አይነካም። ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የሄፓሪን መርፌ አለ፤ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ሕፃኑ አይደርስም። የሚያስፈራው ሳይታወቅ ሲቆይ ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ሄዶ ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ስለዚህ አማትሽ ማሸቱን ያቁሙ። በፍቅር እንደሚያደርጉት አይጠፋኝም፣ ግን ያቁሙ። ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ ወይም ስትስዪ ደም ቢወጣ አምቡላንስ ነው፤ እስኪነጋ የሚባል ነገር የለም። ታይተሽ ስትመለሺም ሐኪም እስካልከለከለሽ ድረስ ያንን አልጋ ልቀቂ። ተኝተሽ ዋይ ያለሽ ሐኪም አይደለም።

ወደ ሆድሽ ስንመጣ፣ ሰዓት የማይጠብቅና ጎን ሲቀይሩ የሚተው መጠንከር ብዙ ጊዜ ማህፀን ሲለማመድ ነው። በሕክምናው ብራክስተን ሂክስ ይባላል። ነገር ግን 37 ሳምንት አልሞላሽም። ከዚያ በፊት በየ10 ደቂቃው ወይም ከዚያም ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ከመጣ፣ ባያምሽም እንኳ ሂጂ። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ከወገብ ሕመም ወይም ወደ ታች ከሚገፋ ስሜት ጋር ሲመጣም እንዲሁ። ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ መሆኑ በጊዜ ከታወቀ፣ እንደ ሳምንቱ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ሊሰጥሽ ይችላል። መርፌው ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። «ትንሽ ልታገስ» ስትዪ የምታባክኚው እነዚያን ሰዓታት ነው።

ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ሆድሽ ጠንክሮ አልላላ ካለ ደቂቃ መቁጠር የለም። የልጁ እንቅስቃሴ ሲቀንስም ያው ነው። «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ጤነኛ ልጅ እስከ ምጥ ድረስ ይንቀሳቀሳል። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚይዝ ሕመም ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ የደም ግፊትሽ በአስቸኳይ ይለካ። ሽንት ሲያቃጥልሽ ወይም ሲያተኩስሽም አትተዪው፤ የሽንት ኢንፌክሽን ራሱ ምጥ ሊያስጀምር ይችላል።

ደንጋጣ አይደለሽም። ያን ሌሊት የሄድሽው በትክክል ነው። የእውነቱን ምጥ ከውሸቱ ለመለየት ባለሙያዋም ሆድሽን መዳሰስ፣ ልብ ምቱን ማዳመጥ ነበረባት፤ አንቺ ጨለማ ውስጥ ተኝተሽ በምን ልታውቂው ነው? አዋላጇ ሥራዋን ሠርታለች፣ አነጋገሯ ግን ሊያሳፍራት ይገባል። አንድ ክፉ ቃል አንዲትን እናት ለሳምንታት አፏን ያዘጋታል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ሰው ይገድላል ብዬ አምናለሁ። «እዚሁ ቢያመኝ ይሻለኛል» ያልሽውን ሳነብ ተቆጥቻለሁ፣ አዝኛለሁም። አሥር ጊዜ ሄደሽ አሥር ጊዜ «ምንም የለሽም» ብትባዪ ደስ ይበልሽ።

የቀረውን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ሚስትህ ሕመሟን እየደበቀችህ ነው፤ እንድትደብቅ ያደረጋት ሳቅህ ነው። እንግዳ ፊት ያ ወሬ ሲነሳ እናትህን በአክብሮት አስቁማቸው፣ ያ ያንተ ድርሻ ነው። አሁን ግን ይዘሃት ሂድ። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ስለ እግሯ ይሁን፤ ሆዷን ካስቀደማችሁ እንደ ባለፈው ተዳስሳ ልትመለስ ትችላለች። ሁለቱን ባቶቿን ጎን ለጎን አሳዩ። ተኝታ እንደከረመች፣ እግሯም ሲታሽ እንደነበር ንገሯቸው። የግራው እግር በደንብ ሳይታይ አትመለሱ።