የካምፕ ቦታ አባልነት ያዋጣል ወይ? ጥያቄና መልስ

ሰመር ሲቃረብ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የካምፕ ቦታ አባልነት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» በድንኳንም በአርቪም (ማደሪያ ባለው መኪና) ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድንና ፔንስልቬንያን ለዓመታት ዞሬያለሁ። ከብዙ ሰው ጋርም ቁጭ ብዬ ውል አንብቤያለሁ። የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ አረጋግጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ፣ በሰመር ሦስት ጊዜ ያህል ቅዳሜና እሁድን በድንኳን እናሳልፋለን። ባለቤቴ ታውዘንድ ትሬይልስ እንግባ ይላል። ያዋጣናል?

በዚህ አወጣጣችሁ አያዋጣችሁም። ታውዘንድ ትሬይልስ እ.ኤ.አ. በ1969 በዋሽንግተን ስቴት የተጀመረ፣ የካምፕ ቦታዎች ያሉት ድርጅት ነው። ዛሬ ኢኩዊቲ ላይፍስታይል ፕሮፐርቲስ በሚባል ኩባንያ ሥር ሆኖ አሜሪካን በአምስት ዞን ከፍሎ የአንድ ዞን የዓመት ፓስ ይሸጣል። ፓሱን የያዘ ሰው በዞኑ ባሉት ቦታዎች የአዳር ኪራይ ሳይከፍል ያድራል፤ አንዴ ሲገባ እስከ 14 ሌሊት መቆየት ይችላል። ከ4 ሌሊት በላይ ከቆየ ግን ወደ ሌላው የድርጅቱ ቦታ ከመግባቱ በፊት 7 ሌሊት ውጭ ማሳለፍ አለበት።

ለሒሳቡ ያህል ፓሱን 700 ዶላር እንበለው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የድንኳን ቦታ በሌሊት 30 ዶላር አካባቢ ነው። 700 ለ30 ሲካፈል 24 ሌሊት ይጠጋል። እናንተ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሌሊት ብታድሩ ስድስት ሌሊት ነው፤ ይህም 180 ዶላር። ባለቤትሽ «ፓሱ ካለን ብዙ እንወጣለን» ሊል ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ይለኛል፤ የሚሳካለት ግን ጥቂቱ ነው። የባለፈውን ዓመት ሌሊቶች ቁጠሩ። ለመውጣት ያሰባችሁትን ሳይሆን በእርግጥ ያደራችሁትን።

ከአሌክሳንድሪያ፣ አርቪ ያለው አባት፦ እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼ ያዋጣኛል ብዬ ገዛሁ። ችግሩ ቅዳሜ ቦታ አላገኝም። ሁሌም ሞልቷል ይሉኛል።

የዚህ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ይኸው የአንተ ችግር ነው፤ ሻጮችም ቀድመው አይነግሩህም። አባልነት የሚሸጥልህ ሌሊት ነው፤ የሚጎድለው ግን ዓርብና ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ዕለት ግማሹ ሜዳ ባዶ ሆኖ ታየዋለህ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ በአርቪ ይሞላል። አባሉ ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈልገውን ቦታ ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ከስንት ቀን በፊት ቦታ መያዝ እንደሚፈቀድ እንደ አባልነቱ ደረጃ ይለያያል። ከፍ ያለ ደረጃ የገዛ ሰው ካንተ ቀድሞ ይይዛል፤ አንተ መያዝ የሚፈቀድልህ ቀን ሲደርስ የሜሞሪያል ዴይ ቅዳሜ አልቋል።

ፓሱን አሁን ስለገዛኸው ተጠቀምበት። እሑድ ከሰዓት ገብተህ ሐሙስ ለመውጣት ሞክር፤ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ይህ ይሆናል። እንዲታደስ ከመፍቀድህ በፊት ደግሞ የዓመቱን ሌሊቶች ቁጠር፤ ክፍያው በራሱ ይታደስ እንደሆነም ውሉን ተመልከት።

ከሃያትስቪል፣ ነርስ፦ እኔ ቅዳሜና እሁድ ነው የምሠራው፤ እረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ሁሉም ለካምፕ የማይመች ሥራ ይለኛል።

እንዲያውም ከሁሉ የተመቸሽ አንቺ ነሽ! በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በታክሲና በኡበር ከሚሠሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እረፍታቸው በሥራ ቀን ነው። የካምፕ ቅናሽ በሙሉ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይመስላል።

ላንቺ ትልቁን አባልነት ትቼ ፓስፖርት አሜሪካ የሚባለውን የካምፕ ቅናሽ አባልነት እንድታዪ እመክርሻለሁ። የዓመት ክፍያው 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ አብረውት በሚሠሩ የግል ካምፖች የአዳሩን ግማሽ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ካምፖች ግን ቅናሹን ዓርብና ቅዳሜ፣ በበዓላትና ሰው በሚበዛበት ወቅት አይቀበሉም። ይህ ገደብ ሌላውን ሰው ያናድደዋል፤ አንቺን አይነካሽም። ቦታው 50 ዶላር ከሆነ በሌሊት 25 ታተርፊያለሽ፤ በሁለተኛው ሌሊት የአባልነቱ ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው። ብቻ ከመነሳትሽ በፊት ካምፑ ጋ ደውለሽ ስንት ሌሊት እንደሚፈቅዱና በየትኛው ወር እንደማይቀበሉ ጠይቂ፤ እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው።

ስለ ኬ.ኦ.ኤ. ካርድስ ምን ትያለሽ?

ኬ.ኦ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1962 በሞንታና ቢሊንግስ ከተማ የተጀመረ የካምፕ ቦታዎች ድርጅት ነው፤ ቢጫ ምልክቱን በየአውራ ጎዳናው ታያላችሁ። ካርዱ ወደ 40 ዶላር ይጠጋል፤ ቅናሹ 10 በመቶ ነው። የ60 ዶላር ቦታ ላይ 6 ዶላር ማለት ነው፤ ሰባት ሌሊት ካደራችሁ ዋጋውን ይመልሳል። ረጅም መንገድ፣ ለምሳሌ ከዲሲ ዳላስ ወይም ሲያትል ዘመድ ጋ በመኪና ለሚሄድ ቤተሰብ ይጠቅማል። በዓመት አንዴ ለሚወጣ አያስፈልግም።

ከሌስበርግ፦ ሃርቨስት ሆስትስ «ነጻ አዳር» ነው ተባልኩ። እኛ ድንኳን ነው ያለን።

ለድንኳን አይሆንም። ሃርቨስት ሆስትስ እርሻ፣ ወይን ጠመቃና የመሳሰለው ቦታ ግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት የሚያሳድር አባልነት ነው፤ መጸዳጃውንና ውሃውን በራሱ የያዘ አርቪ ላለው ብቻ የተዘጋጀ። የአዳር ክፍያ የለም፤ ግን ከባለቤቱ አንድ ነገር መግዛት ይጠበቃል። ያንን ስትደምሩት አዳሩ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ቢሆንም አርቪ ላለው ሰው ደስ የሚል ነው፤ እኔ እወደዋለሁ።

ከፎልስ ቸርች፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት። ለእሷ የሚሆን ቅናሽ አለ?

ይህን ጥያቄ ስላመጣህ ደስ ብሎኛል። ወገኖቻችን ከሚያልፏቸው ነገሮች ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነውና። ዕድሜው 62 የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሁሉ ሲኒየር ፓስ ማውጣት ይችላል። ግሪን ካርድ ይበቃል፤ ዜግነት አይጠይቅም። የዕድሜ ልክ ፓሱ 80 ዶላር ነው፤ የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር። አንዴ 80 ከፈሉ በኋላ የፌዴራል ፓርክ መግቢያ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አይከፍሉም፤ በመኪና በሚገባበት ፓርክ አብሯቸው በመኪናው ያለ ሰው ሁሉ ይገባል።

የበለጠው ጥቅም ግን ካምፑ ላይ ነው። በብዙ የፌዴራል ካምፖች የአዳሩን ግማሽ ይቀንሳል። ሸናንዶዋ ላይ 30 የነበረው 15 ይሆናል። በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር የሚተዳደሩት የሐይቅ ዳር ካምፖችም ይቀበሉታል፤ በቨርጂኒያና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ያለው የከር ሐይቅ፣ በፔንስልቬንያ ያለው የሬይስታውን ሐይቅ የእሱ ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ጸጥ ያሉ፣ ለአረጋዊ የሚመቹ ናቸው፤ መብራትና ውሃ ያላቸውም አሉ። ፓሱ የእናትህ ስለሆነ እሳቸው አብረው መገኘት አለባቸው፤ አንተ ካርዱን ወስደህ ከጓደኞችህ ጋር መግባት አይቻልም። ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ደግሞ አክሰስ ፓስ የሚባለው በነጻ ይሰጣል፤ የካምፕ ቅናሹም ተመሳሳይ ነው።

በቪዛ ለጉብኝት የመጡ ወላጆች በሲኒየር ፓስ አይጠቀሙም። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው መደበኛው የፌዴራል ፓርኮች የዓመት ፓስ 250 ዶላር ሆኗል፤ ለነዋሪ 80 ነው።

እኔ ያንን የ80 ዶላር የዓመት ፓስ ገዝቼ ካምፑ ላይ እንደገና አስከፈሉኝ። አታለሉኝ?

አላታለሉህም። አሜሪካ ዘ ቢዩቲፉል የሚባለው መደበኛ ፓስ የሚሸፍነው መግቢያውን ነው፤ አዳሩን አይነካም። ሸናንዶዋ በመኪና መግቢያው 30 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። በዓመት በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ ከገባህ ፓሱ ያዋጣል። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካለህ ደግሞ ምንም አትግዛ፤ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ቤተሰቡን በነጻ የሚያስገባ ፓስ አለ፤ ከመስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያገለግላል።

ከዉድብሪጅ፣ ሴት ልጅ፦ አባቴ «ነጻ ስጦታ» ተብሎ ካምፕ ሊያይ ሄዶ በስድስት ሺህ ዶላር ውል ፈርሞ መጣ። እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ምን እናድርግ?

ዛሬውኑ ውሉን አውጥታችሁ የመሰረዣውን ክፍል ፈልጉ። ጊዜው በቀናት ስለሚቆጠር ነገ አትበሉ። የፌዴራሉ የሦስት ቀን የመሰረዝ ደንብ ሻጩ በራሱ ቋሚ ቦታ ላይ ለሸጠው አይሠራም፤ ስለዚህ «ሦስት ቀን አለን» ብላችሁ አትተማመኑ። ግን ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቨርጂኒያ ለካምፕ አባልነት ብቻ የወጣ ሕግ አላት። የመሰረዣ ደብዳቤውን በጽሑፍ፣ ውሉ በሚያዘው አድራሻ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ከመቀበያ ደረሰኝ ጋር ላኩ፤ ቅጂውን አስቀሩ። በስልክ «ተሰርዟል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ቢያስቸግሯችሁ የስቴቱ የአቶርኒ ጄኔራል ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለ፤ አቤቱታውን በነጻ ይቀበላል።

ሒሳቡንም ለአባትሽ በወረቀት አሳዪያቸው። ስድስት ሺህ መግቢያ፣ በዓመት እንበል 700 ዶላር መዋጮ። በአሥር ዓመት 13,000 ይሆናል። በየዓመቱ 20 ሌሊት እንኳ ቢያድሩ 200 ሌሊት ነው፤ ሲካፈል በሌሊት 65 ዶላር። ወለዱ ገና አልተጨመረም። ምንም ውል ሳይፈርሙ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ያድሩ ነበር። መዋጮው ደግሞ ባያድሩም ይከፈላል፤ በየዓመቱም ሊጨምር ይችላል።

አባትሽን ግን አትቆጪያቸው። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» የሚለው አሻሻጥ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረውንም ሰው ያስፈርማል። ለሌሎቻችሁ ምክሬ፦ ወላጆቻችሁ እንዲህ ወዳለ ገለጻ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ። ውሉን ቤት ወስዳችሁ ለማንበብ ጠይቁ። ካልፈቀዱ ተነስታችሁ ውጡ።

አንድ ሰው ያገለገለ አባልነት በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ?

ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው ከመዋጮው ለመገላገል ይፈልጋል። አርቪ ይዘህ ለወራት የምትዞር ከሆነ ጥሩ ዕድል ሊሆን ይችላል። ከመክፈልህ በፊት ለድርጅቱ ራስህ ደውል፦ የማዛወሪያው ክፍያ ስንት ነው? ከተዛወረ በኋላ የትኞቹ መብቶች ይቀራሉ? ውዝፍ አለበት? መውጣት ስፈልግስ እንዴት ነው? መልሱን በኢሜይል ይላኩልህ። በሌላ በኩል፣ አባልነታችሁን «እንሸጥላችኋለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ» ለሚላችሁ ምንም አትክፈሉ።

ጡረታ ወጥተን አርቪ ገዝተናል፤ ክረምቱን ፍሎሪዳ፣ ሰመሩን እዚህ ነው የምናሳልፈው። እርስዎ ለኛም አትግዙ ይሉናል?

አይ፣ ለእናንተማ ግዙ እላለሁ። ጊዜያችሁ ነጻ ነው፣ የምታድሩት ሌሊት ብዙ ነው፣ ቅዳሜን መጠበቅ የለባችሁም። በዓመት 60 ወይም 90 ሌሊት የሚያድር ሰው የ700 ዶላሩን ፓስ በሌሊት ከ12 ዶላር ባነሰ ያገኘዋል። በዓመት ፓሱ ጀምሩ፤ አንድ ዓመት ሳትሞክሩ በሺዎች ወደሚከፈልበት ትልቅ ውል አትግቡ። የምትሄዱባቸውን ካምፖች ስም ጽፋችሁ ከምትገዙት ዞን ጋር አመሳክሩ፤ ፍሎሪዳና ሰሜኑ በአንድ ዞን አይደሉም።

እኛ ስንወጣ አሥራ አምስት ሰው ነን፤ ቡናም ይፈላል፣ ወጥም ይሠራል። አባልነት ለእንዲህ ያለው ይፈቅዳል?

በአንድ ቦታ አይፈቀድም። ሸናንዶዋ ውስጥ በአንድ ቦታ ቢበዛ ስድስት ሰው ነው። የግል ካምፖችም የእንግዳ ቁጥር ይገድባሉ፤ በትርፍ ሰው የሚያስከፍሉም አሉ። ለእናንተ የሚሻለው የቡድን ቦታ መያዝ ነው። ዋጋው ለአሥራ አምስት ሲካፈል ከየትኛውም አባልነት ይረክሳል። የፌዴራል ካምፖች በሪክሪኤሽን ጎቭ ድረ ገጽ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በፊት ይከፈታሉ፤ ሐምሌ ለመውጣት የምታስቡ ጥር ላይ ተቀመጡበት። ቡናው ይቆላ፤ ግን እሳት የተከለከለበት ቀን መሆን አለመሆኑን በር ላይ ጠይቁ። ሸናንዶዋ ላይ ድብ አለ፤ ወጡንና ቅቤውን ማታ መኪና ውስጥ ቆልፉበት፣ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። እንጨትም ከቤት አትውሰዱ፤ ዛፍ የሚገድል ነፍሳት ስለሚያስተላልፍ እዚያው ግዙ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው፤ ጨዋታውን ዝቅ አድርጉት።

ከቨርጂኒያ ቢች፦ ዘንድሮ ብቻ እንሞክርና እንወስን ብንልስ?

እንደሱ አድርጉ። በዚህ ሰመር ምንም አትግዙ፤ በየሌሊቱ እየከፈላችሁ ውጡ። የከፈላችሁትን፣ ያደራችሁበትን ቀንና ቦታ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በጥቅምት አውጥታችሁ እዩት፤ ሌሊቶቹ ከ20 ካለፉና ግማሾቹ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሆኑ የዓመቱን ፓስ ዋጋ ጠይቁ።