ማተብ፣ ጌጥ እና «ጣልቃ ገቡ» ጠበቃ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «እኅቴ ለንደን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ማተቧን ከነመስቀሉ እንድታወልቅ በደብዳቤ ታዘዘች። የክርስቲያን ጠበቆች በእንዲህ ያለ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ጣልቃ ይገባሉ ሲባል እንሰማለን። ቢገቡላት ይጠቅማታል? ቤተ ክርስቲያናችንስ አብራቸው እንድትፈርም ብንጠይቅ?»

እኅቴ፣ አንቺ እያልኩ የምጽፈው ዕድሜዬ ገፋ ስላለ ነው፤ ቅር አይበልሽ። ጠበቃ አይደለሁም። ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ከሥራዬ ግማሹ የጠበቃ ቢሮና የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ይኸው ጉዳይ ደግሞ በአክስቴ ልጅ ላይ ደርሶ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ፊርማ አብሬያት ተመላልሻለሁ።

በመጀመሪያ «ጣልቃ መግባት» የሚለውን ቃል እናጥራው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 41 ጣልቃ ገብ የሚለው በክርክሩ ውስጥ የራሱ ጥቅም ያለውን ሰው ነው፤ ችሎቱ ከፈቀደለት ተከራካሪ ወገን ይሆናል። ስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግን ጣልቃ ገብ ማለት ሌላ ነው። ክሱ ለተከሳሹ መንግሥት ከተገለጸ በኋላ በ12 ሳምንት ውስጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲፈቀድለት ብዙውን ጊዜ ከ10 ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያስገባል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገርም ሆነ ማን ይርታ ስለሚለው አስተያየት እንዳይሰጥ አስቀድሞ ይነገረዋል። አሜሪካ ያላችሁ «የፍርድ ቤቱ ወዳጅ» የምትሉት ዓይነት ነው። እንግዲህ «የክርስቲያን ጠበቆች ጣልቃ ገቡ» የሚል ዜና ስትሰሚ ጉዳዩን ያዙላት ማለት እንዳይመስልሽ። ጽሑፉን የሚያስገቡት ሕጉ ወደፊት እንዴት መተርጐም አለበት በሚለው ላይ ነው፤ እኅትሽ ደመወዟን ታግኝ አታግኝ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

እነዚሁ ማኅበራት አንዳንዴ በቀጥታ ጠበቃ ሆነውም ይቆማሉ። ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ለእኅትሽ አሁን የሚያስፈልጋት እርሱ ነው። በመጀመሪያው የሥራ ክርክር ችሎት ጣልቃ ገብ የሚባል ነገር እኔ ባየሁት እምብዛም የለም፤ እነርሱ የሚመጡት ነገሩ ይግባኝ ሲደርስ ነው።

ከእኅትሽ ጉዳይ ጋር የሚገጥመው ዋናው ፍርድ በጥር 2013 (ሁሉንም የውጭ ጉዳይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስትራስቡርግ የተሰጠው ነው። ናዲያ ኤዌይዳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ፣ ግብጽ ያደገች የቅብጥ ክርስቲያን ናት፤ ከእኅት ቤተ ክርስቲያን የመጣች ማለት ነው። ትንሽ መስቀሏን ከልብሷ በላይ በማድረጓ በመስከረም 2006 ያለ ደመወዝ ወደ ቤቷ ተላከች። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ2 ድምፅ ፈረደላት። ድርጅቱ ጥምጣምና ሒጃብ ይፈቅድ ነበር፤ ደንቡንም ራሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጦታል፤ ስለዚህ ክልከላው ያን ያህል አስፈላጊ እንዳልነበረ ታየ። በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ሸርሊ ቻፕሊን የተባለች ነርስ ተረታች። ከ1971 ጀምሮ መስቀል በአንገቷ አድርጋለች፤ ሆስፒታሉ ደግሞ በሽተኛ ሊጎትተው ይችላል፣ ለጤናና ለደኅንነት ያሰጋል አለ። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ከሆስፒታሉ ጋር ቆሙ። በዚያ መዝገብ ጣልቃ ገቦቹ ከደርዘን ይበልጣሉ፦ ጳጳሳት፣ የክርስቲያን የሕግ ማኅበራት፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ሃይማኖት ከሕዝብ ተቋማት ይራቅ የሚሉ ማኅበራት። ያ ሁሉ ተጽፎ ሁለቱን ሴቶች የለየው የሥራ ቦታቸው ነው፤ አንዷ የአየር ማረፊያ መስተንግዶ ላይ፣ ሌላዋ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ። መጦሪያ ቤት ለየትኛዋ እንደሚቀርብ አንቺው ፍረጂ።

ተስፋ አትቁረጪ ግን። በ2022 መጀመሪያ ደቡብ ለንደን ክሮይደን ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኛ የሆነች እናት በአንገቷ መስቀል ምክንያት ተገፍታ ከሥራ በመውጣቷ በሥራ ክርክር ችሎት ረትታለች። ሌሎች ሠራተኞች የአንገት ሐብልና የእጅ አምባር አድርገው ዝም ሲባሉ እርሷ ብቻ መለየቷ ነው ነገሩን ያዞረው። የክርስቲያን ጠበቆች የቆሙላትም በጠበቃነት ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ለጠበቃዋ የሚቀርበውን ቃል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አበላሸሁትም። ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ማተብ እንደሚታሰርላት ጀምሬ መዝሙረ ዳዊት ጠቅሼ ሰማዕታት ጋ ደረስኩ። የክርስቲያን ጠበቆቹ የላኳት ወጣት ጠበቃ እርሳሷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እያስተኛች ሰረዘችው፤ የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ስብከቱ ለእሑድ ይሁን፤ እኔ የምፈልገው ያን ቀን በስንት ሰዓት ማን ምን እንዳላት ነው» አለችኝ። አፈርኩ፤ ልክ ነበረች።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። «ክሩ ቢጎተት ይበጠሳል?» ብላ ጠየቀች። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል ምላሴ ተያዘ። «ማተብሽ ይበጠሳል ወይ?» ብዬ እንዴት ልበላት? ሌላ መንገድ አጥቼ አልኩት፤ የአክስቴ ልጅ አማተበችና «ምነው፣ አንተም?» አለችኝ። ክሩን ማለቴ እንደሆነ እስካስረዳት ጥቂት ቆየን። በመጨረሻ ሳቅ እያለች፣ ቀጭን ጥቁር የጥጥ ክር እንደሆነ፣ ልብስ ስታወልቅ እንኳ ሁለት ጊዜ ተበጥሶባት እንደ ገና እንዳሰረችው ተናገረች። ጠበቃዋ ያንን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። የአሠሪው ደብዳቤ የሚያወራው ስለ «ጌጥ» ነበር፤ የብረት ሰንሰለት አንገት ያንቃል በሚል። ሲሳብ ወዲያው የሚበጠስ ክር ግን ማንንም አያንቅም። የእኔ ዘጠኝ ገጽ ያላደረገውን ያ ክር አደረገው።

ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ በአስታራቂው መሥሪያ ቤት በኩል አለቀ፦ ማተቡ ከደንብ ልብሱ ሥር ይሆናል፣ የብር መስቀሉ በሥራ ሰዓት ይፈታል። «መስቀሉን እንዴት ትፈታለች?» የምትሉ አትጠፉም። የንስሐ አባቷን ጠይቃ ነው። በዚያ ሳምንት ከሌላ ማኅበር ስልክ ተደወለላት፤ ስምምነቱን ትታ እስከ መጨረሻው እንድትከራከር፣ ፎቶግራፍም እንድትሰጥ። እነርሱ ፍርድ ይፈልጋሉ፣ እርሷ የምትፈልገው የሌሊት ፈረቃዋን ነበር። ያችው ወጣት ጠበቃ «ተስማሚ፤ ሕጉን የሚያሳድግ ሰው ሌላ ቀን ይመጣል» አለቻት። ክርስቲያን ጠበቃ ስትፈልጊ እንደዚህች ያለችውን ፈልጊ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ፊርማ፦ ጽሑፉ ዳኛው የማያውቀውን ነገር የሚያስረዳ ከሆነ ትፈርም። ማተብ ምን እንደሆነ፣ ለምን ከጌጥ እንደሚለይ ከእኛ የተሻለ የሚነግራቸው የለም። መጨረሻ የሚገባውን ጽሑፍ ሙሉውን ሳታነቡ ግን አትፈርሙ። አንድ ጊዜ ለትርጉም በመጣልኝ ረቂቅ ውስጥ «ለሙስሊሞች ሒጃብ እየተፈቀደ» የሚል ምሬት አየሁ። እንዲቀየር ጠየቅሁ። ሒጃብ መፈቀዱ ለእኛ ማስረጃ ነው፤ ኤዌይዳን የረዳትም እርሱ ነው። የሌላ እምነት ሰውም ሊቆምልን ይችላል፦ በ2010 ጣሊያን በትምህርት ቤት ክፍሎቿ ስለተሰቀለው መስቀል እዚያው ስትራስቡርግ ስትከራከር፣ ጣልቃ ከገቡት መንግሥታት ስምንቱን ወክሎ መስቀሉ ይቆይ ብሎ የተሟገተው ጆሴፍ ዋይለር የሚባል አይሁዳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ነበር፤ ኪጳውን፣ የአይሁድ ቆቡን አድርጎ። በማግስቱ ዓመት 15 ለ2 አሸነፉ።

አሁን እኅትሽ ደብዳቤውን ታውጣ። «ጌጥ» ይላል ወይስ ማተቡን በስሙ ይጠራዋል? የደንብ ልብሱን መመሪያ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ሌሎች ሠራተኞች ምን እንደሚያደርጉ በማስታወሻ ትያዝ። ቀኑን በተለይ ተመልከቱት፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ወደ አስታራቂው ለመሄድ የነበረን ከሦስት ወር አንድ ቀን የጎደለ ነበር፣ ከዚያም ውስጥ አምስቱን ሳምንት በእኔ ዘጠኝ ገጽ አቃጥለናል።