«ለእኛማ ቀንሺልን» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

በጎንደር ከተማ መሶብ፣ አገልግልና ሙዳይ እየሰፉ የሚሸጡት የዐምዳችን አዘጋጅ፣ በእጅ ሥራ ከሚተዳደሩ አንባቢያን ለሚደርሷቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። በዚህ እትም ሁለት ደብዳቤዎችን መርጠዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ የምኖር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ሙዳይ፣ ሰፌድና አነስተኛ መሶብ እየሰፋሁ መሸጥ ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው ሥራዬን ይወደዋል፤ ችግሬ ዋጋው ላይ ነው። ጎረቤቱ፣ የክርስትና ልጄ እናት፣ የባለቤቴ አክስት፣ ሁሉም «ለእኛማ ቀንሺልን፤ ሣሩ እንደሆነ ከሜዳ ነው» ይሉኛል። እንቢ እንዳልል ይሉኝታ ይይዘኛል፤ እሺ ስል ደግሞ ወሩ ሲያልቅ እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ባለቤቴም «ይህ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሥራ አይደለም» ማለት ጀምሯል። ለመሆኑ የእጅ ሥራ ዋጋ እንዴት ይቆረጣል? እርስዎስ ዘመድን ምን ብለው ይመልሳሉ?

መልስ፦ እኅቴ፣ «ሣሩ ከሜዳ ነው» የምትለዋ ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ለእኔም ዓመታት ሙሉ ሲነገረኝ የኖረ ነውና። እርግጥ ነው፣ ስንደዶም አክርማም የሚበቅሉት ሜዳ ላይ ነው። ነገር ግን ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከሜዳ ለቅመው፣ አድርቀውና በጭብጥ በጭብጥ አስረው ቅዳሜ ገበያ የሚያወርዱት የገጠር ልጆች ናቸው፤ እነሱም በነፃ አይሰጡም፤ ሊሰጡም አይገባም። በመስከረምና በጥቅምት የዓመቱን ሳይገዛ የቀረ ሰው ደግሞ በጥር፣ የሠርጉ ትእዛዝ ሲበዛ፣ ያው ጭብጥ ቀጥኖና ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሣሩ ቤትሽ የሚገባው ከሜዳ ሳይሆን ከገበያ ነው። ይሁን እንጂ የዋጋሽ ዋና ነገር ሣሩ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው።

እኔ ስድስት ዓመት ያህል አንድ መሶብ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብኝ ሳላውቅ ሰፍቻለሁ። ዋጋ የምቆርጠው ከእኔ ቤት በታች ያለችው ሰፊ ስንት እንደሸጠች ጠይቄ ነበር፤ እሷም ለካ የምትቆርጠው እኔን እየጠየቀች ኖሯል። ይህን የተነጋገርነው ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ግማሹ ያልተጻፈበትን የትምህርት ቤት ደብተሯን ሰጠችኝና ወስፌ ባነሣሁና ባስቀመጥሁ ቁጥር ሰዓቱን መጻፍ ጀመርሁ።

የያዝሁት መካከለኛ የእንጀራ መሶብ ነበር። ስፌቱ ብቻ 58 ሰዓት ፈጀ። ከስፌቱ በፊት ግን ሣሩን መምረጥ፣ መሰንጠቅ፣ ለአለላው ቀለም አፍልቶ መንከርና ጥላ ላይ ማድረቅ አለ፤ ከስፌቱ በኋላም ክዳኑ ከአፉ ጋር እንዲገጥም ማስተካከልና ቆዳ እንዲለብስ ወደ ቆዳ ሠራተኛው መመላለስ አለ። እኔ እነዚህን ከሥራ አልቆጥራቸውም ነበር። ሁሉም ሲደመር 74 ሰዓት ሆነ። መሶቡን የሸጥሁት በ1,800 ብር ነበር፤ ለሣር፣ ለቀለምና ለቆዳ ያወጣሁት 620 ብር ሲነሣለት 1,180 ብር ቀረኝ። ለ74 ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 16 ብር እንኳ አልሞላም። ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት፤ ልጄም በስልኳ አስልታ ያንኑ አገኘች።

አንቺም ከሁሉ በፊት ይህን አድርጊ። ለአንድ ሙዳይ፣ ለአንድ ሰፌድና ለአንድ መሶብ የሚፈጅብሽን ሰዓት፣ ምድጃ ላይ ቀለም ስታፈዪ የምታጠፊውን ጭምር፣ ጻፊ። ከዚያ አዘዞ ውስጥ የቀን ሠራተኛ በቀን የሚከፈለውን ለስምንት አካፍዪና ከዚያ በታች አትውረጂ፤ ባለ ሙያ ነሽና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት፣ ግን ከዚያ መነሣት ይቻላል። በሰዓትሽ ላይ ሣሩን፣ ቀለሙን፣ ቆዳውንና የትራንስፖርቱን ጨምሪ። የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጥሽ ይሆናል፤ እኔን አስደንግጦኛል፤ በአንድ ጊዜም አልደረስሁበትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረግሁ ነው የደረስሁት። ባለቤትሽን በተመለከተ ክርክሩን ተዪና ደብተሩን አሳዪው። ካላመነሽ አንድ ምሽት አጠገብሽ ተቀምጦ አክርማ ይሰንጥቅ፤ በእኔ ቤት ተሞክሮ ሠርቷል።

ከባዱ የዘመዶቹ ነገር ነው። በአገራችን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል፤ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ እንደ ነውር ሳይቆጠር ከመኖሩ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የስፌት ታሪክ ግን ከዚህ ለየት ይላል። ስፌት አልተናቀም፤ ተከብሮ ቤት ውስጥ ቀረ እንጂ። እናት ለምትድራት ልጇ መሶብ ትሰፋለች፤ አማት የምራቷን ስፌት ገልብጣ የውስጡን ዙር ታያለች፤ ጠበቅ ያለ ከሆነ «ባለ ሙያ ናት» ትላለች፤ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የባለቤትሽ አክስት «ቀንሺልን» ስትልሽ ልትበድልሽ አስባ አይመስለኝም። እሷ መሶብን የምታውቀው ከዘመድ እጅ ወደ ዘመድ ቤት ሲሄድ ነው፤ በገንዘብ መጠየቋ ራሱ ለእሷ አዲስ ነገር ነው።

እኔ ይህ ከገባኝ ወዲህ ስጦታውንና ሽያጩን ለይቻለሁ። በዓመት ሁለት መሶብ፣ ለቅርብ ሥጋ ዘመድ ሠርግ ወይም ለክርስትና፣ ያለ አንዲት ሳንቲም እሰጣለሁ፤ ለማን እንደምሰጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ በሙሉ ዋጋው ይሸጣል። መካከለኛውን፣ ማለትም ግማሽ ስጦታ ግማሽ ሽያጭ የሆነውን፣ ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ ከእሱ ምስጋናም ገንዘብም አይገኝምና። በአንድ ወቅት ለአክስቴ መሶብ በግማሽ ዋጋ ሸጬላት ነበር። ደስ ብሏት ወደ ማኅበር ይዛው ሄደች፤ ስንት እንደገዛችውም ለማኅበርተኛው ሁሉ ነገረች። በሳምንቱ ሦስት ሴቶች «እንደ እትዬ ዋጋ» እያሉ ደጄ ላይ ቆሙ። ሁለቱ ተቀይመው ተመለሱ፤ ለአንዷ ሰፋሁላት፤ አክስቴም ብትሆን ክዳኑ ጠበበኝ ብላ አስቀይራኛለች።

ሲጠይቁሽ የሚቀልለው መልስ ደብተሩ ነው። እኔ «እንዲህ ያለው መሶብ የሰባ ሰዓት ሥራ ነው፤ እዩት» ብዬ አሳያለሁ፤ አብዛኞቹ የሰዓቱን ነገር ሰምተውት አያውቁምና ይገረማሉ። እንደ ዕቁብ በሦስት ወር ከፍለው እንዲጨርሱ ግን እፈቅዳለሁ፤ ዋጋ አልቀንስም፣ ጊዜ እሰጣለሁ። አቅም ለሌላት ደግሞ ትንሽ ሙዳይ አሳያታለሁ። የተቀየሙኝ አሉ፤ ግማሾቹ በዓመቱ ሠርግ ሲደርስባቸው ተመልሰው መጥተዋል።

ዋጋሽን ከፍ ስታደርጊ ግን ዕዳም አብሮ እንደሚመጣ ልንገርሽ። ዋጋዬን በጨመርሁበት ዓመት ሐምሌ ላይ ለዘመን መለወጫ የሚደርስ መሶብ ታዘዝሁ። ዝናቡ ፋታ ስላልሰጠኝ ቀዩን አለላ በቅጡ ሳላለቀልቀውና ሳላደርቀው ሰፋሁት። በበዓሉ ማግስት ደንበኛዬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና በጨርቅ የጠቀለለችውን እንጀራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ገና ያልበረደ እንጀራ መሶቡ ውስጥ ብትጨምር እንፋሎቱ ቀለሙን አስለቅቆት፣ የላይኛው እንጀራ ዳር ዳሩን እንደ በለስ ቀልቷል። «ወጡን ሳላወጣበት ቀላብኝ» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው ያለችኝ፤ ቢሆንም በሙሉ ዋጋ ለገዛችው ዕቃ ምንም የምመልስላት ነገር አልነበረኝም። ሌላ መሶብ ሰፋሁላት፤ ያም ሌላ 74 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ በሐምሌና በነሐሴ ቀለም አልነክርም። የነከርሁትንም ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አለቀልቀዋለሁ፤ ከደረቀ በኋላ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሽቼ ጨርቁ ከቀላ ወደ ስፌት አላስገባውም። እንጀራው የሚያርፍበትን የውስጥ ገጽ ደግሞ ያለ ቀለም፣ በሣሩ መልክ እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ከወለቃ ነኝ፤ ይህን የጻፈችልኝ የልጄ ልጅ ናት። ጀበና፣ ድስትና ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እሠራለሁ። ድሮ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄደው እንግዳ ሁሉ ደጃችን ላይ ቆሞ ይገዛ ነበር፤ አሁን የሚቆም መኪና ጥቂት ነው። ከተማ ያለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር «40 ምስል ስጪኝ፣ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» ይለኛል። ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የመደብሩን ነገር በራሴ ስለደረሰብኝ እሱን ልንገርዎ። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ መመዝገቡ ሲሰማ ሁላችንም የጥሩ ዓመት ተስፋ አደረግን፤ እኔም ዘጠኝ ሙዳይና ሦስት አገልግል ለአንድ መደብር «ሲሸጥ ይከፈላል» በሚል ቃል ብቻ ሰጠሁ። ጥምቀቱ ደምቆ አለፈ። በመጋቢት ኮሮና ገባ፤ በዓመቱ ጥቅምት ጦርነቱ ተከተለ፤ እንግዳ ጠፋ፣ መደብሩም ተዘጋ። ባለቤቱን ባገኘሁት ጊዜ «አንድም አልተሸጠም» ብሎ አይጥ የበላቸውን ሁለት ሙዳዮች መለሰልኝ። ከወራት በኋላ ለቅሶ ልደርስ የገባሁበት ቤት ቁም ሣጥን ላይ ከሙዳዮቼ አንዷን አየኋት። የራሴን ስፌት አላጣውም፤ የክዳኗ አናት ላይ ሁልጊዜ አንድ አረንጓዴ ዙር አስገባለሁ። የቤቱ ሴትዮ ከዚያው መደብር ለጥምቀት እንደገዛቻት ነገረችኝ። የተፈራረምንበት ወረቀት ስላልነበረኝ የምከስበት ነገር አልነበረም፤ ለቅሶ ቤትም ስለሆነ ዝም አልሁ።

ስለዚህ 40 ምስል በአንድ ጊዜ አይስጡት። አሥር ይስጡትና የአምስቱን ዋጋ በእጅዎ ይቀበሉ፤ የቀረውን በሠላሳ ቀን ሊከፍልዎ ወይም ዕቃውን ሊመልስልዎ ይስማማ። በማጓጓዝና በመደብሩ ውስጥ የተሰበረው በማን ላይ እንደሚቆጠርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለሸክላ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ዋጋውን ሲቆርጡም እሳት ላይ የሚሰነጠቀውን አይርሱ፤ አሥር ጀበና አስገብተው ስምንት ደኅና ከወጣ፣ የሁለቱ ጭቃ፣ ማገዶና ድካም በስምንቱ ላይ መደልደል አለበት፤ አለበለዚያ ሁለቱን ለገበያው በነፃ ሰጡት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ደፍሬ ልበል። ወለቃ በውጭ ሰው ዘንድ የታወቀችው በቤተ እስራኤሎች ሸክላ ነው፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ምስሉ መታሰቢያ ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። ገዥው ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ መንገዱ ሲዘጋ ሽያጩም አብሮ ቆመ። በከተማው ውስጥ ግን በየመንገዱ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ ሴት አለች፤ ምስል የገዛ እንግዳ ሁለተኛ አይመለስም፤ እሷ ግን ጀበናዋ በተሰበረ ቁጥር ሌላ ትፈልጋለች። እኔም እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት የበላሁት ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያና ከፋሲካ ማግስት ከሚሠርጉ የጎንደር ቤተሰቦች ነው። ምስሉን አይተዉት፤ የልጅ ልጅዎም ትማረው። የሳምንቱን ጭቃ ሲያቦኩ ግን የሚበዛው ለጀበናና ለድስት ይሁን።

ዕቃውን ለመደብሩ ሲያስረክቡ የልጅ ልጅዎ ቀኑን፣ ብዛቱንና የአንዱን ዋጋ በሁለት ወረቀት ትጻፍ፤ ባለ መደብሩ በሁለቱም ላይ ይፈርምና አንዱ ከእርስዎ ጋር ይቅር። አልፈርምም ካለ ምስሎቹን ይዛችሁ ወደ ወለቃ ተመለሱ።