«ይታሰብበት» የተባለውን ማን ያስብበታል?

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንድ የግል ማምረቻ ድርጅት ኃላፊ ከሆንኩ አምስት ወሬ ነው። ዘወትር ሰኞ ጠዋት 3፡00 ላይ አሥራ ስድስት ሰው እሰበስባለሁ። ሰው ተሟልቶ የምንጀምረው 3፡30፣ የምንነሣው 6፡30 ነው። ግማሹን ጊዜ «ልዩ ልዩ» የሚለው የመጨረሻ አጀንዳ ይበላዋል። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይስማማል፤ በሳምንቱ ያንኑ ጉዳይ እንደገና እናነሣለን። ስብሰባውን ላስቀረው?
ሰብሳቢው፣ ከአዳማ

መልስ፦ አያስቀሩት፤ ግን አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። አሥራ ስድስት ሰው ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ 48 የሥራ ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ የሳምንት ጣሪያ ያደረገው ይህንኑ 48 ሰዓት ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ሳምንት ሰኞ ከምሳ በፊት ያልቃል ማለት ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጸሐፊነት ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬአለሁ፤ የስብሰባን በሽታ ከግሱ አውቀዋለሁ። «ትኩረት እንዲሰጠው»፣ «ክትትል እንዲደረግበት»፣ «ይታሰብበት»፤ ሁሉም ባለቤት የሌላቸው ግሶች ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚያፈሰው የመጋዘን ጣሪያ በሰባት ቃለ ጉባኤዎች «ይታሰብበት» ብዬ ጽፌአለሁ። በስምንተኛው ክረምቱ ገብቶ ካርቶኖቹ ስለበሰበሱ «የበሰበሰው ይወገድ» ብዬ ጻፍኩ። የተፈጸመው ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሳኔ በተላለፈ ቁጥር ጸሐፊዎ እዚያው ጮክ ብላ ታንብበው፦ «የግዥ ኃላፊው የሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ሰብስቦ እስከ ሐሙስ 10፡00 ያቀርባል።» ኃላፊው ቀና ብሎ «ሐሙስ አይደርስልኝም» ካለ እሰየው! ክርክሩ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

አጀንዳው ዓርብ ለሁሉም ይድረስ፤ በጥያቄ መልክም ይጻፍ። «ስለ ተሽከርካሪዎች» ቢባል ሰው ስለ ነዳጅም ስለ ሾፌሮች አመልም ያወራል። «አሮጌውን አይሱዙ እንጠግነው ወይስ እንሽጠው?» ሲባል ግን መልስ ይፈልጋል። ጉዳዩ የማይመለከተውን ሰው አይጥሩ፤ እንዳይከፋው ቃለ ጉባኤውን ይላኩለት።

«ልዩ ልዩ»ን ብዙዎች ይሰርዙታል። እኔ አልሰርዘውም፤ ሰው የሚያሳስበውን ነገር ፈራ ተባ እያለ የሚያወጣው እዚያ ነው። ያለፉትን አራት ሳምንታት ቃለ ጉባኤ ያገላብጡ። በ«ልዩ ልዩ» ሁለቴ የተነሣ ጉዳይ ካለ ለሚቀጥለው ሰኞ አንደኛ አጀንዳ ያድርጉት።

እርስዎም በመጨረሻ ይናገሩ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሥራ «ሰብሳቢው እንዳሉት» ማለት ብቻ ይሆናል።

ስለ ማርፈዱ፦ እነዚሁ ሰዎች እኮ በሰፈራቸው እድር ስም ሲጠራ ቅጣቱን ፈርተው በሰዓቱ የሚገኙ ናቸው። እርስዎ ገንዘብ አይቅጡ፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም 3፡00 ላይ ይጀምሩ፣ ላረፈደውም ያለፈውን አይድገሙለት። ሻዩን ግን እንዳያስቀሩ። ቃለ ጉባኤው ተነቦ ሲፈረም ይምጣ።