ስለ መቀበያ አንቴና ጫጫታ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ

ጫጫታው ከሬዲዮው ይሁን ከውጭ እንዴት ልለይ?

የአንቴናውን ገመድ ይንቀሉ። ጫጫታው ወዲያው ከወረደ ምንጩ ውጭ ነው። ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚያመዝነው የውጭው ጫጫታ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ማጉያ መጨመር ምልክቱንም ጫጫታውንም እኩል ከማጉላት አያልፍም።

ጎረቤቴን ጠርጥሬያለሁ። ልጠይቀው?

ቆይ፣ አስቀድመው የራስዎን ቤት ይፈትሹ። ሬዲዮውን በባትሪ እያሠሩ የቤቱን ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ያጥፉ። ጸጥ ካለ ምንጩ እርስዎ ዘንድ ነው፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ይያዙት። እኔ ለሳምንታት አንቴና ስቀያይር ከርሜ፣ ጥፋተኛው ከሬዲዮዬ አጠገብ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኤልኢዲ አምፖልና የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተርም እንዲሁ ይረብሻሉ።

የፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ገመዱ ላይ አጠለቅሁ፤ ለውጥ የለም። ፌራይት የሚባለው ነገር በእርግጥ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው ከሆነ ብዙ አይጠብቁ። የኮአክሲያል ገመድ (አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኘው) የውጭ የብረት ሽፋን ሳናስበው አንቴና ይሆናል። የቤቱን ጫጫታ ለቅሞ እስከ አንቴናው መጋጠሚያ ይወስደዋል፤ እዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ከምልክቱ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ቀለበቱ ይህን መንገድ የሚዘጋው ገመዱ በውስጡ ደጋግሞ ሲጠመጠም ነው። እንቅፋትነቱ በዙሩ ብዛት ካሬ ስለሚያድግ ሦስት ዙር ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል። የቀለበቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው፦ ለዝቅተኛዎቹ ባንዶች (የድግግሞሽ ክልሎች) 31 ቁጥር ፌራይት ይምረጡ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚፈታው ቢጫ ቀለበት የብረት ዱቄት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዱን መጋጠሚያው ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ቤት የሚገባበት ቦታ ያድርጉ። ብዙ ሰው አንቴናውን ከመውቀሱ በፊት ይህን ቢያደርግ ምንኛ ደስ ባለኝ!

በትንሽ የሉፕ (የቀለበት ቅርጽ) አንቴና ምልክቱ በጣም ደከመብኝ። ልተወው?

እባክዎ አይተውት! የምልክት መለኪያው መርፌ ወዴት እንደወጣ ሳይሆን ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደራቀ ይመልከቱ። በረጅሙ ሽቦ ምልክቱ ኤስ 9 (ኤስ በመለኪያው ላይ የጥንካሬ ደረጃ ነው)፣ ጫጫታው ኤስ 8 ቢሆን ልዩነቱ አንድ ኤስ፣ ማለትም 6 ዴሲቤል ነው። በሉፑ ምልክቱ ኤስ 5፣ ጫጫታው ኤስ 2 ቢሆን ግን 18 ዴሲቤል አገኙ። ዲያሜትሩ አንድ ሜትር የሆነ ሉፕ በቁሙ ተተክሎ ሲዞር ፊቱ በሚያይበት አቅጣጫ ስለሚደነቁር፣ ያንን ፊት ወደ ጫጫታው ምንጭ ያዙሩት።

ቤቨሬጅ አንቴናስ?

ቦታ ካለዎት ድንቅ ነው። መሐንዲሱ ሃሮልድ ቤቨሬጅ እ.ኤ.አ. በ1921 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት ይህ ረጅም፣ ከመሬት ብዙ የማይርቅ ሽቦ በ1.8 ሜጋኸርዝ ቢያንስ 160 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

ጫጫታውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይቻላል?

አይቻልም። የሬዲዮ መሐንዲሱ ካርል ጃንስኪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በ20.5 ሜጋኸርዝ ሲያዳምጥ ምንጩ ያልታወቀ ስስ ሽውታ ሰማ፤ ተከታትሎ ሲደርስበት ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣ ነበር። በዚያ ድግግሞሽ አካባቢ ባንዱ ባዶ ሳለ አንቴናውን ሲሰኩ ይህን ሽውታ ብቻ ከሰሙ፣ በዚያ ባንድ ጣቢያዎ ንጹሕ ነው።